ቀይዋ እያሰበች ነው

በጣሊያን አገር፣ በሮማኛ ኮረብታዎች ላይ ሐኪም የሌለው መንደር ይገኛል። ቄስ የሌለው መንደርም አይጠፋም። አሮጌ የስፖርት ሞተር ሳይክል ጋራዡ ውስጥ አቁሞ «ዘንድሮ ሥራዋ ያልቃል» እያለ የሚያረጅ ሰው የሌለበት መንደር ግን ገና አልተቆረቆረም። እንዲህ ያለውን ሰው ለመለየት ፊቱን ማየት አያስፈልግም፤ ጥፍሮቹ ይበቃሉ። ለልጁ ሠርግ በሳሙና፣ ከዚያ በሎሚ፣ በመጨረሻም በአሸዋ ታሽተው ጠርዛቸው እንደጠቆረ የቀረ ጥፍሮች ናቸው።

በሞንተፎስኮ መንደር ይህ ሹመት የክቡር ኔቪዮ ነው። «ክቡር» የምትለው ከጋራዡ በላይ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቱ ኢሪዴ ናት። ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ቀን ደግሞ ማዕረጉ ከፍ ብሎ «ግርማዊነትዎ» ይሆናል።

ኔቪዮ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አውቶቡስ ነጂ ነበር። አውቶቡሱ አንድም ቀን አስቸግሮት አያውቅም፤ ስለዚህም አያከብረውም። «ቁልፍ ስታዞርለት ዝም ብሎ የሚነሳ ነገር ምን ጠባይ አለው?» ይላል። ጋራዡ ውስጥ ያለችው ሞተር ሳይክል፣ ቀይዋ፣ ግን ጠባይ አላት። ገና ፀጉሩ ጥቁር ሳለ ያገኛት፣ ወገቧ ቀጭን፣ መሪዋ ዝቅ ብሎ ነጂውን አንገቷ ላይ የሚያስደፋ፣ የዚያው አካባቢ ፋብሪካ ልጅ ናት።

እሷን ማስነሳት ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የነዳጁ መክፈቻ ይከፈታል። ቀጥሎ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችው እምብርት የመሰለች ትንሽ ቁልፍ ቤንዚን ጣት እስኪያርስ ትጫናለች። ከዚያ ይጠበቃል። ለምን እንደሚጠበቅ ሲጠየቅ ኔቪዮ ትንፋሿን እንድትሰበስብ ነው ይላል። ከዚያ ፔዳሉ ይረገጣል፤ አንዴ በቀስታ፣ ፒስተኑ የት እንዳለ ለመጠየቅ፣ አንዴ በኃይል፣ መልሱን ለመቀበል። መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። ያን ጊዜ ኔቪዮ ቀና ብሎ፣ እጁን የነዳጅ ታንከሯ ላይ አሳርፎ፣ መንደሩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ቃል ይናገራል፦ «ተበላሽታ አይደለም፤ እያሰበች ነው።»

ኢሪዴ ኔቪዮ ለብዙ ዘመን ሾርባ ላይ ካወራላት የተነሳ፣ ሳትፈልገው የሞተር ሊቅ ሆናለች። ሌላው ሞተር ቫልቩን፣ የትንፋሽ በሩን፣ በክንድ ይከፍትና በሞላ ይዘጋል። ሞላ ደግሞ ይደክመዋል፤ ሩጫው ሲበዛ በወቅቱ መዝጋቱን ይረሳል። ቀይዋ ሞላ አታምንም። አንዱ ክንድ ይከፍታል፣ ሌላው ክንድ መልሶ ይስባል፤ በር ላይ አንድ ከፋችና አንድ ዘጊ እንደማቆም ያለ ነገር ነው። ነገሩ ድንቅ ነው፤ ኢሪዴ ራሷ ይህን አትክድም። ችግሩ ሁለቱ በረኞች መስማማት ያለባቸው መሆኑ ነው። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ከወረቀት የሳሳ ነው፤ እሱ ትንሽ ከሰፋ ቀይዋ ታንኳኳለች፣ ካንኳኳች ደግሞ ኔቪዮ ካለበት ተነስቶ ይሄዳል። ከገዛ ልጁ የክርስትና ግብዣ ላይ «አምስት ደቂቃ» ብሎ ወጥቶ ኬኩ ካለቀ በኋላ ነው የተመለሰው።

የምድጃው ጉዳይ የመጣው ሚስቱ ኖሪና ካረፈች በኋላ ነው። የሞተሩ ቤት፣ የውጭ ቅርፊቱ፣ አሉሚኒየም ነው፤ ውስጡ የሚገባው ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ ብረት ነው። ኩሽኔታው ማረፊያው ውስጥ በጣም ጠብቆ መቀመጥ አለበት፤ በመዶሻ ቢመታ ደግሞ ይጎዳል። ስለዚህ የሞንተፎስኮ ሰው መዶሻ አያነሳም። ኩሽኔታውን ፍሪዘር ውስጥ ያቀዘቅዘዋል፣ የሞተሩን ቤት መጋገሪያ ምድጃ ውስጥ ያሞቀዋል። ብርዱ ብረቱን ያኮማትራል፣ ሙቀቱ አሉሚኒየሙን ያሰፋል። ሁለቱ የሚገናኙባት ቅጽበት አጭር ናት፤ እጅ ሳይንቀጠቀጥ ኩሽኔታው ቦታው ላይ ከተያዘ ግን ማንም ሳይገፋው በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርድና «ቶክ» ይላል። ኢሪዴ ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማች ቀን የያዘችው ማንኪያ ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

የኔቪዮ ምድጃ ትንሽ ነው። የኢሪዴ ግን መንደሩ ውስጥ ምግብ ቤት ከነበራት ጊዜ የቀረ፣ ሙሉ በግ የሚያስተኛ ምድጃ ነው። ስለዚህ በየጊዜው በሯን ያንኳኳል፤ የሞተሩን ቤት በሳሙና አጥቦ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ። ኢሪዴ አንድም ቀን እሺ አላለችም፤ አንድም ቀን ግን አልመለሰችውም። አንድ የገና ዋዜማ የሞተሩ ቤት ገና ከምድጃው ከመውጣቱ በቦታው ላዛኛ ገባ። ለእራት የተጋበዙት ቄስ ዶን ሴራፊኖ ላዛኛው የመንገድ ሽታ አለው አሉ፤ ቢሆንም ሁለቴ አስጨመሩ።

ኩሽኔታው ደግሞ ኢሪዴ ፍሪዘር ውስጥ ከአተሩ ጀርባ ይቀመጣል። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ኔቪዮ ግን ብርዱ አጥንቱ ድረስ መግባት አለበት ባይ ነው፤ ወር ያስተኛዋል።

ይህን ሁሉ ለምን ትታገሣለች? መንደሩ ይህን ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ትቶታል። መልሱ ያለው እሑድ ጠዋት ላይ ነው።

የኢሪዴ ባል ሌያርኮ የኔቪዮ ጓደኛ ነበር። ቀይዋ ላይ ከኋላ ይቀመጥ የነበረው እሱ ነው፤ ካቻቢቴና ፒንሳ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ታቅፎ፣ ወደ ተራራው ማለፊያ ሲወጡ። በሕይወቱ ሞተር ነድቶ አያውቅም፤ ያለ እሱ ግን ቀይዋ አንዴም ወጥታ አትመለስም ነበር። እሑድ በማለዳ ኔቪዮ ሞተሩን አስነስቶ ጋዙን ሁለቴ ይሰጥ ነበር። ቩም፣ ቩም። «ውረድ» ማለት ነው። ሌያርኮ ጫማውን በእጁ ይዞ ደረጃውን ሲሮጥ ኢሪዴ ከአልጋዋ ሁለቱንም ትረግም ነበር።

ሌያርኮ በሞተ በሳምንቱ እሑድ፣ ኔቪዮ ቀይዋን አስነሳና ሁለቴ ጋዝ ሰጠ። ኢሪዴ ተነስታ የመስኮቱን መዝጊያ በኃይል ደረገመችው፤ አንዱ ጣውላ ተነቅሎ መንገድ ላይ ወደቀ። ኔቪዮ ጣውላውን አንስቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሞተሯ ደህና በሆነችበት እሑድ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሁለት ጋዝ፣ አንድ ድርግም። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት፣ ቀይዋ እንደ ልማዷ ተፈታትታ ጠረጴዛ ላይ ሳለች፣ ኔቪዮ ደረጃው ላይ ኢሪዴን አገኛትና ቀይዋ ልትሄድ መሆኑን ነገራት። ጉልበቱ ፔዳል መርገጥ እምቢ ብሏል። ሪሚኒ የምትኖረው ልጁ ሚልቫ ቀይዋን የሚገዛ የፒያቼንዛ ከተማ የጥርስ ሐኪም አግኝታለች፤ የሚወስዳት እሱ ነው።

«ተመስገን» አለች ኢሪዴ። «እሑድ እሑድ እተኛለሁ።»

አልተኛችም። የክረምት እሑድ ድሮም ጸጥ ያለ ነው፤ ሞተሯ ተፈትታ ነዋ። ያ ግን የሚጠብቁት ነገር ያለው ጸጥታ ነበር። የዚያን እሑዱ ጸጥታ ሌላ ነው። ኢሪዴ በማለዳ ነቅታ ጣራውን እያየች፣ ከእንግዲህ መስኮቱን በማን ላይ እንደምትዘጋው ስታስብ ቡና ሰዓቷ አለፈ።

የጥርስ ሐኪሙ ቅዳሜ ጭነት መኪና ይዞ መጣ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ያውም ጨዋ። ቀይዋን ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ሊያቆማት፣ ከላይ መብራት ሊያበራላት አስቧል። ዘይትና ቤንዚን አይገባባትም፤ ምንጣፉን ታበላሻለች። የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ የተኛውን ኩሽኔታ ኔቪዮ በገዛ እጁ እንዲያስገባለት። የእሱ መካኒክ አልደፍርም ብሏል፤ የዚያ ልክ ኩሽኔታ መሠራቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታልና ቢበላሽ ምትክ የለውም። ኔቪዮም ያንን አንዱን ያገኘው ዓመታት ለምኖ ነው።

ሁሉም ኢሪዴ ማድ ቤት ተሰበሰቡ። የሞተሩ ቤት ምድጃው ውስጥ ግሏል። ሚልቫ ስልኳን ይዛ ልትቀርጽ ቆማለች። ኔቪዮ ጓንቱን አድርጎ፣ ማንንም ሳያይ፣ «በይ አምጪው» አለ።

የኢሪዴን ፍሪዘር ከኢሪዴ በቀር የሚከፍት የለም። ከፈተችው። አተሩን ገለጥ አደረገች። በዳቦ ወረቀት የተጠቀለለው ኩሽኔታ ኔቪዮ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ፣ ወረቀቱ በውርጭ እንደ ሽበት ነጥቶ ተቀምጧል። አየችው። አተሩን መልሳ ፍሪዘሩን ዘጋች።

«እዚህ የለም» አለች።

ኔቪዮ ቀና አለ። ያስቀመጠው እሱ ነው። ፍሪዘሩን አየ፣ ከዚያ ኢሪዴን አየ፤ እሷ በመጥረጊያ ጨርቅ የጸዳ ጠረጴዛ መጥረግ ጀምራለች።

«አባዬ፣ የት ነው ያደረግከው?» አለች ሚልቫ። «አስታውስ እስቲ።»

ኔቪዮ ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ጣት ጣቱን።

«ቆይ» አለ። «ተበላሽቼ አይደለም፤ እያሰብኩ ነው።»

ረጅም ጊዜ አሰበ። የጥርስ ሐኪሙ ሰዓቱን አየና እንዲሁ ብትወሰድስ፣ ምናልባት ኋላ ይገኝ ይሆናል አለ። ኢሪዴ ጨርቋን አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ እርስዎ ጥርስ የሌለው መንጋጋ ሳሎን ያስቀምጣሉ?»

ሰውየው እጅጌውን ሰዓቱ ላይ መለሰ። ምድጃው በከንቱ እንዳይነድ የሞተሩ ቤት ወጥቶ ላዛኛ ገባበት። ሐኪሙ በልቶ አመሰገነ፤ ሽታው ከምን እንደሆነ ጠየቀና የአካባቢው ቅመም ነው ተባለ። ኩሽኔታው ሲገኝ ደውሉልኝ ብሎ ባዶ መኪናውን ይዞ ሄደ። ሚልቫ ኮቷን ስትለብስ አባቷንም ኢሪዴንም በተራ አየቻቸው።

«ሁለታችሁም...» አለች፣ ቦርሳዋንም አነሳች። ከበሩ ዞር ብላ «ጉልበትህንስ ምን ልታደርገው ነው?»

በሩ ሲዘጋ ኢሪዴ ፍሪዘሩን ከፈተች፤ ኩሽኔታውን አውጥታ ከነወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምድጃው ገና አልበረደም፤ የሞተሩን ቤት መልሰህ አስገባው» አለች። «ቶሎ በል፤ ሳህን የማጥበው አለኝ።»

ቶክ አለ።

ጸደይ ሲመጣ ቀይዋ ተገጣጥማ ከጋራዡ በር ወጣች። መንገዱ ከቤታቸው እስከ መንደሩ ፏፏቴ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ ፔዳል አይፈልግም። ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሪሲዮኑ ይያዛል፣ አንድ ሰው ከኋላ ይገፋል፤ ፍጥነት ሲገኝ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል፣ የሚሽከረከረው ጎማ ሞተሩን ያስነሳዋል። እሑድ በማለዳ ኢሪዴ በሌሊት ልብሷ ላይ የሌያርኮን ካፖርት ደርባ ወረደች። ኔቪዮ አያትና ቀይዋ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ግርማዊነትዎ ትንሽ ቢከሱ ምን አለበት» አለችና ገፋች።

ቀይዋ የዶን ሴራፊኖን በር እስክታልፍ አሰበች። ከዚያ ተነሳች። ታች ፏፏቴው ጋ ኔቪዮ ቆሞ ጋዙን ሁለቴ ሰጠ፤ ቩም፣ ቩም።

ኢሪዴ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። መኝታ ቤቷ ስትደርስ የመስኮቱን መዝጊያ ተዘግቶ አገኘችው፤ ስትወርድ አልከፈተችውም ነበር። ከፈተችው። እስከ ግድግዳው ድረስ ገፍታ አሰፋችው፤ ኔቪዮ ከታች ቀና ብሎ እየጠበቀ መሆኑን አረጋገጠች፤ ከዚያ ባላት ኃይል ሁሉ ደረገመችው።