የእመት አሰፋች ልክ

ስደተኛ በተሰበሰበበት ስፍራ ሁሉ፣ ሳይጠሩት መጥቶ የሌላውን ልብስ የሚያቃና አንድ ሰው አይታጣም። አገር ቢፈርስ፣ ድንበር ቢዘጋ፣ ዝናብ ቢቀር እንኳ ይህ ሰው አይቀርም። በምሥራቅ ሱዳን፣ ከዶካ እስከ ባሱንዳ በተዘረጉት የሰሊጥ እርሻዎች ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት እመት አሰፋች ነበሩ። የሥልጣናቸው ወሰን ከአንገት በታች፣ ከወገብ በላይ ነው፤ በግልጽ ለመናገር፣ የጡት መያዣ ጉዳይ ሁሉ የሚያልፈው በእርሳቸው እጅ ነበር።

እመት አሰፋች ከአሥር እርምጃ ርቀት የማንኛይቱንም ሴት ልክ ያውቃሉ። ሰላምታ የሚሰጡት እንኳ ልኩን ካረሙ በኋላ ነው። «ትከሻሽ ምን በደለሽ?» ይላሉ፣ ማንገቻው ሥጋዋን የሰረሰራትን ሴት መንገድ ላይ አቁመው። «ሸክሙ የደረት ዙሪያ ነው፤ ትከሻ ለአመል ብቻ ነው የተፈጠረው። ከጀርባው ሁለት ጣት ይግባ፤ ሦስተኛው ከገባ ጣይው!» ይህን እያሉም ሁለቱን ጣቶቻቸውን፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ ያስገባሉ።

በዶካ ገበያ አሮጌ ልብስ የሚሸጠው ኸሊል ከሩቅ ሲያያቸው ፊቱ ይጠቁራል። ከክምሩ አንዱን መዘው፣ ላስቲኩን ከጆሮአቸው አስጠግተው ይስቡና ያዳምጣሉ። «ይህ ሞቷል።»

«ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ትናንት የመጣ ዕቃ እኮ ነው!»

«ሞቶ ነዋ የመጣው። አንተ ምን ታደርግ፣ አስከሬኑን ተቀበልክ።»

ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጡት መያዣ ካዩም ከገመዱ አንሥተው ጥላ ውስጥ ያኖሩታል፤ ባለቤቲቱ ስትፈልግ ትውላለች። «ፀሐይ ለሰሊጥ ነው፣ ላስቲክን ይገድላል። ደግሞ አትጭመቂው፣ በመዳፍሽ ተጫኚው። የሰው አንገት መሰለሽ እንዴ?»

ከአገር የተሰደዱትም በዚሁ ነገር ነው ይባላል። ጎንደር ልብስ ሰፊ ሳሉ ቀበሌው ለሴቶች ማኅበር የሰልፍ ሸሚዝ በአንድ ልክ እንዲሰፉ ቢያዝዛቸው፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ደረት አይደራጅም» ብለው መለሱ። ሁለት ወር ታስረው ሲወጡ በመተማ በኩል ተሻገሩ።

በሰባ አራቱ መኸር በላይነሽ የምትባል ሰሊጥ አጫጅ ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትፈራው እኚህን ሴት ነበር። ባሏን ደርግ ከወሰደባት ወዲህ ገዳሪፍ የተቀመጠች እናቷን የምትጦረው በራሷ ጉልበት ነው። ከመኸሩ በፊት በነበረው ግንቦት ግን ሐኪሞች እባጭ አግኝተውባት ግራ ጡቷን ቆርጠው አወጡት። ሠራተኛ መርጦ በጭነት መኪና የሚወስደው ወኪል ካሣ ደግሞ፣ «ከሐኪም ቤት የወጣች አልጭንም፤ እርሻው ላይ ብትሞት ማን ይቀብራታል?» ማለትን ያዘወትር ነበር። በላይነሽም ባዶውን ጎን በቡትቶ ሞልታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከሰው ዓይን እየሸሸች የጭነቱን ቀን ትጠባበቅ ጀመር።

እመት አሰፋች ግን ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ደረሱባት። ዙሪያቸውን ተመለከቱና፣ ከልማዳቸው ውጭ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ግራሽ ጨርቅ ነው።»

«እትዬ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ…»

«ዝም በይ። ለማን እነግራለሁ? እኔን ያስቆጣኝ ሥራሽ ነው። ጨርቅ ክብደት የለው፤ ስትጎነበሺ አገጭሽ ሥር ይመጣል። ካሣ ባያይ እንኳ በሬው ያያል!»

በላይነሽ አለቀሰች። እመት አሰፋች ልቅሶውን እንደ መጥፎ ስፌት ታግሠው አሳለፉና ወደ ጎጇቸው ወሰዷት። መጀመሪያ ጥጥ ሞከሩ፤ ቀለለ። ማሽላ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ቀን ነቀዝ ወጣበት። በመጨረሻ ከዶካ ገበያ አንድ ጣሳ ሰሊጥ ገዝተው መጡ። ቀኝ መዳፋቸውን ከደኅናው ጡት በታች፣ ግራ መዳፋቸውን ከሰሊጡ ከረጢት በታች አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ቆንጠር አድርገው ቀነሱ፤ እንደገና ቆሙ፤ ጨመሩ። ከሐኪሞቹ በኋላ ሰውነቷን ሳይሰቀቅ የነካ ሰው አልነበረም።

«ሰሊጥ እንደ ሥጋ ይታዘዛል» አሉ እመት አሰፋች፤ ከረጢቱንም ከውስጥ ሰፍተው አጠናቀቁ። «ጎንበስ በይ። ቀና። አሁን ካሣ ይምጣ።»

ካሣ መጣ፤ አየ፤ ጫናት። ሁለቱም ሴቶች አንድ እርሻ ደረሳቸው።

ሰሊጥ በሚታጨድበት እርሻ ውስጥ ሰሊጥ ታቅፎ መዋል ምን እንደሚያመጣ ግን፣ ሁሉን የሚያውቁት እመት አሰፋችም ቢሆኑ አላሰቡትም ነበር። ማታ ማታ ሠራተኛው ከማሳ ሲወጣ የእርሻው ጋፊር፣ ከማሉ የሚባለው ጥበቃ፣ እህል እንዳይሰረቅ እጅጌና ጉያ ይፈትሻል። በስምንተኛው ቀን በላይነሽ ከፊቱ ስትደርስ፣ ከቀሚሷ ሥር ነጭ ፍሬ እንደ ቀጭን ክር እየወረደ እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«ዳ ሽኑ? ይህ ምንድን ነው?» አለ ከማሉ። «ሐራሚያ! ሌባ! አውጪ፣ ከደረትሽ አውጪ!»

ወኪሉ ካሣ እየሮጠ መጣ። በላይነሽ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። እውነቱን ብትናገር በሽተኛ ናት፣ ዝም ብትል ሌባ ናት፤ በሁለቱም ነገ ሥራ የለም።

ከሰልፉ መካከል እመት አሰፋች ወጡ። «ተዋት፤ የእኔ ነው።»

«የእርስዎ?» አለ ካሣ።

«የሰረቅሁት እኔ ነኝ። መያዣዬን ያጥብቁልኝ ብላ ብትሰጠኝ ከውስጡ ሰፋሁት። እሷ አላወቀችም። እኔን ትፈትሹኛላችሁ፤ እሷን ማን ይጠረጥራል ብዬ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዎ፣ እትዬ!»

«ዕድሜዬን ተወው። ሴትም በወንድ ፊት አትገለጥም፤ ራሴ አወጣዋለሁ።» እጃቸውን ከነጠላዋ ሥር ሰድደው ከረጢቱን ቦጨቁና ለከማሉ ወረወሩለት። ነጠላዋን ደርበው አጣፉላት። በጆሮዋም፣ «ክሩ ነው» አሉ። «ላብ የማይበላው ክር መምረጥ ነበረብኝ። ተሳሳትሁ።»

እመት አሰፋች ተሳሳትሁ ሲሉ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሠሩበትን ተከልክለው፣ ብርድ ልብሳቸውን በትከሻቸው ጥለው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የዶካን መንገድ ያዙ።

ሴቶቹ ራኩባ በሚሉት የአገዳ ዳስ ሥር እራታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«እኔስ» አለች ሸጊቱ የተባለችው ወጣት፣ «መያዣዬን ከገመድ ላይ ሲያነሡ ጊዜ ነው የጠረጠርኳቸው።»

«ደረት ሲለኩ ለካስ የሚደብቁበትን ይመርጡ ነበር!» አለች አሰጋሽ፤ ሁሉም ሣቁ።

በላይነሽ ጉርሻዋን መልሳ አኖረች። በአሥራ ሁለት ሴት ፊት የተነገረ ነገር ማለዳ ካሣ ጆሮ እንደሚገባ ታውቃለች። ገዳሪፍ ያለችውን እናቷንም አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን ጣለችና ቀሚሷን ከግራ ትከሻዋ ዝቅ አደረገች።

ሸጊቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰሊጡን ከገበያ የገዙት ለዚህ ነው» አለች በላይነሽ። «ስምንት ቀን ሙሉ ከጎናችሁ ጎንበስ ቀና ስል አንዳችሁም አላወቃችሁም። የእትዬ አሰፋች ልክ እንደዚያ ነው።»