የዋንዛ ኮረብታ የቅዳሜ ነፋስ

ነፋስ ይህን ሁሉ ጉልበት ይዞ ለምን ሥራ ፈትቶ ይዞራል?

ጃርት ስንዱ ይህ ጥያቄ ያደረባት ገና እሾኋ ሳይጠነክር ነበር። እናቷን ጠየቀች፤ እናቷ «ዝም ብለሽ ጉድጓድሽን ቆፍሪ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቀችም። ዓይን አፋር ነበረች፤ ሦስት እንስሳት ባሉበት አፏን ከከፈተች እሾኋ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆምና ሰሚው ነገሯን ትቶ ይሸሻል። ስለዚህ ጥያቄዋን ይዛ ወደ ማዶው ደን ተሻገረች፤ ሰባት ዓመት መጻሕፍት አገላበጠች፤ በነፋስ ተመርቃም ተመለሰች።

ዘመኑ እንስሳት ስብሰባ መጥራት የተማሩበት፣ መበተን ግን ገና ያልተማሩበት ነበር። ከፏፏቴው ሥር የሚኖሩት ጉማሬዎች በውኃው ጉልበት መብራት ያመነጩ ነበር፤ መስመራቸውም በየዛፉ እየተንጠለጠለ ደኑን ያዳርሳል። የዋንዛ ኮረብታ እንስሳት ግን የመስመሩ መጨረሻ ላይ ስለነበሩ መብራቱ መጣ ሲሉት ይሄድባቸዋል። ተሰብስበው ተሰብስበው በመጨረሻ «የራሳችንን እናምርት» አሉ። «አናቱ ላይ ሦስት የነፋስ ተርባይን እንትከልና ከጉማሬዎቹ መስመር ጋር እናገናኘው። የተረፈንን እንሸጥላቸዋለን፤ የጎደለንን እንገዛቸዋለን።»

ጉማሬዎቹ ተስማሙ። የአንድ ቀን መብራት ሲገዙ በአንድ እፍኝ እህል፣ ሲሸጡ ግን በሦስት እፍኝ። ሁሉም እያጨበጨበ ስለነበር ይህን ልብ ያለው አልነበረም።

ለተርባይኖቹ የሚከፈለው በኮረብታው ጎተራ ያለው የዘጠኝ ዓመት እህል ነበር። ጎተራው ተሟጦ ነፋሱ ካነሰ፣ ክረምት ሲገባ ግልገሎቹ የሚቀምሱት አይኖርም። ስለዚህ ጎተራው ከመከፈቱ በፊት «አዋጪ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን አጥንታ እንድትነግራቸው ስንዱን ጠሩ።

ስንዱ ኮረብታው አናት ላይ ረጅም እንጨት አስተከለች፤ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈሉ ቅሎች አሰረች። ነፋስ ሲመጣ ቅሎቹ ይዞራሉ። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትኖርበት ሸለቆ ዳገቱን ወጥታ ስንት ጊዜ እንደዞሩ ትቆጥራለች። ነፋስን በሳምንት አንድ ቀን የሚለካ ምን ዓይነት ተመራቂ ነው ብሎ የጠየቃት አልነበረም። የቀሩትን ስድስት ቀናት ስለ ነፋስ ታነብ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቅሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ስንዱ አንገቷን ደፍታ «ዜሮ» ብላ ጻፈችና ወረደች። ይህን ሁሉ ጋሼ ሰጎን ከቁጥቋጦ ሥር አረፍ ብለው ያዩ ነበር።

«ልጅቷ ያን ዳገት ወጥታ ዜሮ ይዛ ወረደች እኮ» አሏቸው ለእትዬ ዝሆን። «እኛ መንደር እንግዳ ባዶ እጁን ወርዶ ያውቃል?»

«ኧረ ውርደት ነው!» አሉ እትዬ ዝሆን። «ምነው ባልሰማሁት።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ቅሎቹ ዞሩ። በሦስተኛው እንደ ጉድ ዞሩ። ስንዱ ግን አንድ ነገር አየች። ከእንጨቱ ሥር ያለው ሣር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጎን ካለው ቁጥቋጦ በታች ሁለት ቀጫጭን እግሮች ይታያሉ፤ ከበላያቸው ክንፍ ይርገበገባል፤ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽም ይሰማል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ያን የሚያህሉ ሽማግሌ እንዴት አድርጋ ታሳፍራቸዋለች? ለእሷ ብለው አይደል የሚደክሙት? ደግሞም ካነበበቻቸው መጻሕፍት በአንዱም ውስጥ ጎረቤት ስለሚያራግበው ነፋስ የሚናገር ገጽ አልነበረም። ቁጥሩን ጻፈች፤ ቁጥቋጦውንም በአንገቷ ሰላም ብላ ወረደች።

በአራተኛው ቅዳሜ እትዬ ዝሆን በጆሯቸው ገቡበት። በስምንተኛው መንደሩ ተራ አውጥቶ ነበር። ስንዱ ታያለች፤ እነሱም እንዳየች ያውቃሉ፤ ነገሩን የሚያነሳ ግን የለም። ቁጥሩ በየሳምንቱ አደገ። ስንዱም አርባ ገጽ ጻፈች፤ ኮረብታው ለራሱ ተርፎ በየቀኑ ለጉማሬዎቹ እንደሚሸጥ፣ እህሉም በአራት ዓመት ጎተራው ውስጥ ተመልሶ እንደሚገባ አሰላች። ስሌቱ እንከን አልነበረውም። ነፋሱ ብቻ ነበር የጎደለው።

የስብሰባው ቀን ሁሉም ከዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ከርከሮ ጥናቱን በክራንቻው ከፍ ዝቅ አደረገው።

«አርባ ገጽ ነው» አለ። «እኔ ክብደቱን አይቼ አምኛለሁ። በሉ የጎተራውን ቁልፍ አምጡ!»

ከፊት ሁለት ግልገሎቿን ይዛ የተቀመጠች ሚዳቋ «አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ቅሎቹ ዛሬ ለምን ቆሙ?»

ሁሉም ቀና አለ። ቅሎቹ ፍዝዝ ብለው ተንጠልጥለዋል። መንደሩ በሙሉ ስብሰባ ላይ ስለነበር የሚያራግብላቸው አልቀረም።

ጋሼ ሰጎን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አንዴ ወጣ ብዬ ልመለስ» አሉ።

«እኔም የረሳሁት ጉዳይ አለ» አሉ እትዬ ዝሆን፣ ጆሯቸውን እያነሱ።

ስንዱ ቁልፉን አየች። ግልገሎቹን አየች። እሾኋ አንድ በአንድ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ!»

በሕይወቷ ጮክ ብላ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አጠገቧ የነበረችው ጥንቸል ተስፈንጥራ ሌላ ቦታ ያዘች።

«ቁጥሩ የነፋስ አይደለም» አለች ስንዱ። «የጋሼ ክንፍና የእትዬ ጆሮ ነው። ነፋሱ ካነሰ ሻጭ አንሆንም፤ በሦስት እፍኝ ገዢ ነን፤ ያውም ጎተራችን ባዶ ሆኖ። እኔ ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለ ከርከሮ።

«አፍሬ።»

«እናንተስ?»

«እኛም አፍረን ነዋ!» አሉ ጋሼ ሰጎን። «ልጅቷ ሰባት ዓመት ለፍታ ስትመጣ ነፋስ የለንም ይባላል?»

ከኋላ አንዲት ጦጣ ጮኸች። «ሰባት ዓመት ሙሉ የተማረችው ማፈር ነው እንዴ?»

«ማፈሩንስ ሳልማርም እችለው ነበር» አለች ስንዱ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሥራ ፈትቶ የኖረው ነፋሱ ሳይሆን የእሷ አንደበት ነበር።

ከርከሮ ብቻ አልሳቀም፤ ጥናቱን ሳያነብ ፈርሞበት ነበርና። «እሺ፣ አዋጪ ነው ወይስ አይደለም?» አለ።

«አላውቅም» አለች ስንዱ። ከአርባው ገጽ ሁሉ እውነት የነበረችው ይህች አንዲት ቃል ነበረች፤ ያቺም ቃል ገጹ ላይ አልነበረችም።

እዚያው ቆማ ወሰነች። የጎተራው ቁልፍ ሚዳቋዋ ዘንድ ይቀመጣል። እሷ ሸለቆውን ትታ ከእንጨቱ ሥር ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየለካች ዓመት ትቀመጣለች። እስከዚያ ድረስ ክንፍም ሆነ ጆሮ ያለው ሁሉ ከዋንዛው ወዲያ አያልፍም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሰጎን ከዋንዛው ወዲያ አልፈው መጡ። ቅሎቹ ቆመዋል። ስንዱ አዲስ ደብተር ዘርግታለች።

«የምርሽን ነው? ዓመት ሙሉ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ነፋስ ባይመጣስ?»

«አልመጣም ብዬ እጽፋለሁ።»

ጋሼ ሰጎን ቅሎቹን አዩ፤ ባዶውን ገጽ አዩ፤ አላስችል አላቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እንዲያው ለገዱ ያህል፣ የመጀመሪያው ቀን ስለሆነ፣ አንዴ ብቻ ላርገብግብልሽ?» አሏት።

«አያርገብግቡልኝ፣ ጋሼ» አለች ስንዱ። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቀለች፤ ቀለም ውስጥ ነከረችውና ዓይናቸው እያየ «ዜሮ» ብላ ጻፈች።