ኦቦ ዲሪባ በር ሲመርጡ

ቀለም ይምረጡ ሲባል ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛ የፉሪው፣ ክቡር ኦቦ ዲሪባ ናቸው።

እኔ የምውለው ወንዲ የሚባል የብረት በር ሠሪ ጋ ነው። የወንዲ ደንበኛ አረንጓዴ ብሎ ያዝዝና በሩ ከተቀባ በኋላ "ሰማያዊ ቢሆን ይሻል ነበር" ይላል፤ ወንዲ እንደገና ይፍቃል። እኔ ደግሞ ልጄን አዝዬ የተማርኩት አኒሜሽን ከንቱ እንዲቀር አልፈለግሁም። በሩን ታብሌት ላይ ሣልኩት፤ ከሥሩ ለአምስት ቀለም አምስት በተን፣ የሚነካ ቁልፍ ማለት ነው፣ ደረደርኩ። አንዱን ሲነኩት፣ የጻፍኩለት ኮድ በሩን በዚያ ቀለም ይቀይረዋል። ወንዲም "ሁለት ሳምንት እንየው፤ ሰው ሁሉ ከመረጠበት ትቀጠሪያለሽ" አለኝ።

ሰው ሁሉ መረጠ፤ ኦቦ ዲሪባ ሲቀሩ።

በየጠዋቱ ይመጣሉ። "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት አደርሽ ልጄ? በራችንስ እንዴት አደረ?" ከዚያ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ደግሞ ቀይ። "እስቲ አንዴ መልሺው።" ታብሌቱን ፀሐይ ላይ ያወጡታል፣ ጥላ ውስጥ ያስገቡታል። ሚኒባስ የሚጠብቀውን ሁሉ ጠርተው ድምፅ ያሰጣሉ፤ ካሸነፈው ቀለም ጋር ይኳረፋሉ።

"ኦቦ ዲሪባ፣ እንጀራዬ እኮ በአንቱ ጣት ላይ ናት" ብላቸው፣

"ታዲያ ጣቴን ምን ያጣድፍሻል?" አሉኝ።

በስምንተኛው ቀን ጉድ አገኙ። "ትንሿ በርስ?" እውነትም፣ ትልቁ ላይ ያለችው ሰው የሚገባባት ትንሽ በር ከኮዱ ተረስታለች። ትልቁ ምንም ቢቀየር እሷ ቡኒ እንደሆነች ናት። አሥር ደንበኛ ሳያየው አልፎ ነበር። አፍሬ እዚያው አስተካከልኩት።

በሁለቱ ሳምንት የመጨረሻ ቀን ወንዲ ብየዳውን አቁሞ ያየን ጀመር። ኦቦ ዲሪባ አምስቱንም ነካኩ፤ ፊታቸው ከፋ።

"ያ የተሳሳትሽው የታለ?"

"አጠፋሁት እኮ።"

"መልሺው። ትልቁ በር የመኪና ነው፤ እኔ መኪና የለኝም። የምገባው በትንሿ ነውና እሷ ቡኒዋን ትሁንልኝ። ትልቁን አረንጓዴ በሉት።"

ወንዲ የአረንጓዴውን ቀለም ቆርቆሮ ከፈተ። "ሰኞ በጊዜ ግቢ" አለኝ፤ ተቀጠርኩ።

አሁን ታብሌቱ ላይ ስድስተኛ በተን አለ፤ "ዲሪባ" ይላል። ትልቁን ቀይሮ ትንሿን ይተዋታል፤ ሰው ይወደዋል። ኦቦ ዲሪባ በራቸው ከተተከለ ወር አለፈው፤ ግን ዛሬም ጠዋት መጥተው ነበር። "እስቲ ሰማያዊውን አንዴ ልየው" አሉ።

ወንበሩን የሳብኩላቸው እኔው ነኝ።