በእማማ ሉባባ ስልክ ላይ ማን ይቅር?

አዲስ ስልክ ገዝታችሁ ከካርቶኑ ስታወጡት፣ ዕቃውን ሳያነሳ የወጣ ሰው ቤት የተከራያችሁ ነው የሚመስላችሁ። ያላዘዛችሁት ጨዋታ፣ የማትከታተሉት የአክሲዮን ገበያ፣ በመስኮት የምታዩትን ዝናብ መልሶ የሚነግራችሁ ደመና ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። እኛም አንጥለውም፤ እንጨምርበታለን እንጂ። ለለመደ ጣት ግድ የለም። ላልለመደ ግን ያ ስክሪን ገበያ ነው፤ ያውም የማያውቁት ገበያ።

ይህን የተማርኩት በአማቴ ነው። እማማ ሉባባ የባለቤቴ የሐያት እናት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሴት። ባላቸው ሲሞቱ ብቻቸውን አይሆኑም ብለን ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ወዳለው ቤታችን አመጣናቸው። ወንድ ልጃቸው ደግሞ ከዱባይ ትልቅ ስልክ ላከላቸው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቲማቲም ሊገዙ ወጡ። ሲመለሱ መንገዱ ጠፋቸው፤ በሰፈራችን በሩም አጥሩም አንድ ዓይነት ነው። ስልኩን አወጡ። መደወያውን ፍለጋ የነኩት ሁሉ ሌላ ነገር ይከፍታል፤ አንዱ ሙዚቃ ለቀቀ፣ አንዱ የገዛ አገጫቸውን ፎቶ አነሳ። ስዋሂሊ አያውቁ፣ ማንን ይጠይቁ? ፀሐይ ላይ ቆመው ሳሉ የግቢያችን ዘበኛ በዚያ ሲያልፍ አያቸውና ይዟቸው መጣ። ቲማቲሙን ኩሽና፣ ስልኩን ቁምሳጥን አስገቡ።

“ከእንግዲህ አልወጣም” አሉ። “ስልኩንም ለሚያውቅበት ስጡት።”

የምር አልወጡም። ከመርካቶ ነጋዴ ጋር ተከራክረው የሚረቱት ሴት መስኮት ሥር ተቀምጠው የጎረቤት ልብስ ሲደርቅ ማየት ያዙ። ምግባቸው ቀነሰ፤ ድምፃቸውም። ሐያት ባለ ቁልፍ ስልክ እንግዛላት አለች። ግን አዲስ አበባ ያሉትን እህታቸውን እትዬ ሶፊያን የሚያገኟቸው በቪዲዮ ነው። “ፊቷን ካላየሁ መታመሟን በምን አውቃለሁ?” አሉ እማማ። ልክ ናቸው።

ስለዚህ ቆረጥኩ። ይህን ስክሪን ሳላቀልለው አልተኛም ብዬ ስልኩን ከቁምሳጥን አውጥቼ ማጥፋት ጀመርኩ። ባጠፋሁ ቁጥር “እርግጠኛ ነህ?” ይለኛል። ሚስት ሳገባ እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቅኩም። እርግጠኛ ነኝ፣ እርግጠኛ ነኝ እያልኩ ባዶ አደረግኩት።

ችግሩ የመጣው ቤተሰቡ ሲሰማ ነው። ሐያት የሶላት ሰዓት የሚናገረውን መልስ አለች። ወንድሟ ከዱባይ ደውሎ የቤተሰቡ ግሩፕ ፊት ለፊት ይሁን አለ። እዚሁ ናይሮቢ ኢምባካሲ ያለችው የአጎቷ ልጅ “ካርታ ከሌላት እንደገና ትጠፋለች” አለች፤ የስኳር መለኪያውንም እሷው ጨመረች፣ እማማ ስኳር ሳይኖርባቸው። አስተውላችሁ እንደሆነ፣ ይቅለል የማይል ሰው የለም፤ የራሱን ሳይጨምር የሚሄድም የለም። ሲመሽ ስክሪኑ እንደ ድሮው ሞልቶ ቁጭ አለ።

የስልኩን ባለቤት የጠየቀ አልነበረም። እኔም ትዝ ያለኝ በማግስቱ ነው።

“እማማ፣ ምን ምን ይቅርልዎት?”

አሰቡበት። “የሶፊያ ፊት። የሐያት ፊት። ያ የሐያት ደንበኛ ባለ ታክሲም ይኑር፣ ጥርሰ ፍንጭቱ።”

“የሶላት ሰዓቱስ?”

“መስጊዱ እዚህ ማዶ ነው፤ ይጠራኛል።”

“ካርታውስ?”

“ባለ ታክሲው መንገድ ያውቅ የለ?”

“እኔስ?” አልኩ፣ እንደ ቀልድ።

“አንተ ሲደወልልህ አታነሳም።”

አላነሳም። ሥራዬን ቀጠልኩ። ከበስተኋላ ጥቁር፣ ከፊት ሦስት ትልልቅ ፎቶ፤ ፊቱን ሲነኩት ይደወላል። ዘመዶቹ ቅር አላቸው። እኔ አልመለስኩም፤ አንዲትም ነገር አልጨመርኩም።

እማማ ደግሞ በእልህ ከእኔ ባሱ። ሐያት ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ሳለ ይደውሉላታል፣ ይዘጋሉ፣ እንደገና ይደውላሉ። አንዴ ባለ ታክሲውን በስህተት ሲነኩት በራችን ላይ ከች አለ፤ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። እንዲህ እያሉ ሰነበቱና አንድ ጠዋት ነጠላ ጫማቸውን ቀይረው፣ ሻሻቸውን አስረው ብቅ አሉ። የጥርሰ ፍንጭቱን ፎቶ ነኩ። ሲመጣ “ኢስሊ” አሉት፤ አማርኛ የሚያውቅ ጨርቅ ነጋዴ የማይጠፋበት ሰፈር ነው። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ሐያት ተከትላ ልትሮጥ ተነሳች። “ተያቸው” አልኳት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ቀኑን ሙሉ የሐያትን ስልክ ከሐያት እኩል አየሁት።

ከሰዓት በኋላ እማማ ጨርቅ በብብታቸው ይዘው ገቡ። “ዕቃቸው ደህና ነው” አሉ ሲቀመጡ። “ሰው አያያዝ ግን ይቀራቸዋል።” ያን ዕለት እራት ሁለቴ አስጨመሩ።

ከዚያ ወዲህ የሳውዝ ሲ ሐበሻ ሴቶች ጨርቅ ሲፈልጉ እሳቸውን ይልካሉ። ዛሬ ምሳ አቅርበን ስንጠብቅ የሐያት ስልክ ጠራ።

“አትጠብቁኝ” አሉና ዘጉት።

“የት ናቸው?” አልኳት።

“አልነገረችኝም።”

ምሳችንን በላን። የት እንዳሉ አናውቅም። እሳቸው ያውቃሉ።