አርባ አንዱ ስግደትና የሶልያና ባሱን

ሐኪም የወለደች እናት ዕድለኛ ናት። «ልጅሽ ምን ሆነችልሽ?» ሲሏት አንድ ቃል ተናግራ ታርፋለች። እኔ ግን «ባሱን ትነፋለች» ካልኩ በኋላ ነው ሥራዬ የሚጀምረው። እጄን ከጉልበቴ እስከ ጆሮዬ ዘርግቼ ቁመቱን አሳያለሁ፤ ድምፁን ላሰማ ጉሮሮዬን ስጠርግ ደግሞ፣ ዘመኑ የወረርሽኝ ነውና፣ ጠያቂዬ ሁለት እርምጃ ይሸሻል።

እናንተም ካላወቃችሁት አልፈርድባችሁም። ባሱን ታጥፎ የተሠራ ረጅም የእንጨት ቱቦ ነው፤ የሚነፋበት ጫፉ ከሸምበቆ የተላገች ቀጭን ምላስ ናት። ልጄ ሶልያና አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ትምህርት ቤቷ መሣሪያ አደለ። ልጆቹ ቫዮሊኑን ተሻሙ፤ ባሱኑን የሚነካው ጠፋ። አስተማሪዋ ቁመቷን አይተው ለእሷ ሰጧት። በስደት ወደምንኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሮዘተንቪል፣ ይዛው ስትገባ ግቢ የምንጋራው የስልጤ ሰው ሸረፋ ስትነፋ ሰማና «እህቴ፣ ግመል ገዛችሁ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የባሱኑ ስም ግመል ሆኖ ቀረ።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ድምፅ ይዛ ስታስረዝም ሰማኋት። ሰው ትዕግሥትን ከእናቷ ወረሰች ይላል። ውሸት ነው። እኔ ነኝ ከእሷ የተማርኩ።

ወረርሽኙ ሲገባ ሁላችንም ቤት ተዘጋብን፤ ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ሶልያና ለሙዚቃ ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል ራሷ የደረሰችውን ዜማ ነፍታና ቀድታ መላክ አለባት፤ የመጨረሻው ቀን ሰሙነ ሕማማት ላይ ውሏል። ካመለጣት ከእኔ ጋር መጋረጃ መስፋቷ ነው። እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ባላልፍም ሥርዓት አውቃለሁ፤ በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። ከበሮ ዝም ባለበት ጾም ባሱን ማን ሆኖ ነው የሚናገረው? እስከ ፋሲካ አትነፊም አልኳት።

አልተከራከረችኝም። ወረቀቷን ታቅፋ በእርሳስ ስትጽፍ ሰነበተች። ማልቀሷን የነገረኝ ሸረፋ ነው።

«እህቴ፣ ከብት ጾም የለበትም» አለኝ። «ግመሏን ከምታስርቢ ቄስሽን ጠይቂ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ባሱን ምን እንደሆነ ባስረዳቸው ባስረዳቸው ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ስልኩን ወደ ሶልያና ያዝኩና የጻፍሽውን ንፊ አልኳት። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ደግሞ ዝቅ ይላል። ስትጨርስ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ።

«ወለተ ማርያም» አሉኝ በክርስትና ስሜ፣ «ይሄ ዕቃ እኮ እየሰገደ ነው። ተያት፣ ትንፋ።»

ላከች። ተቀበሏት። በሚቀጥለው ዓመት ገደቡ ሲላላ የኮሌጁ ልጆች ያንኑ ድርሰቷን በአዳራሽ ተጫወቱት። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጭምብሌን አጥልቄ፣ ወንበር እየዘለልን ከተቀመጥነው መካከል ነበርኩ። ስሟ ሲጠራና አዳራሹ ሲያጨበጭብ ጭምብሌ በእንባ ራሰ። ሸረፋም ከወዲያ ሆኖ ዓይኑን እየጠረገ ግመሏ አደገች አለኝ።

ስንወጣ ይህን ዜማ ከየት አመጣሽው ብዬ ጠየቅኳት።

«ከአንቺ ነዋ፣ ማሚ። ያኔ መንፋት ስትከለክይኝ ጠዋት ጠዋት ስትሰግጂ እሰማ ነበር። ጉልበትሽ ወለሉን ሲነካ በግድግዳው ይሰማል። እየቆጠርኩ ነው የጻፍኩት።»

ኩራቴ ጣሪያ ነካ። ጉልበቴ አዳራሽ ገባ ማለት አይደል? ምነው እዚያው ላይ ዝም ባልኩ ኖሮ። ስንት ቆጠርሽ አልኳት።

«ሠላሳ አራት። ሁሌም ሠላሳ አራት ነው።»

አባ በየቀኑ እንድሰግድ የሰጡኝ አርባ አንድ ነበር። አድርሻለሁም ብያቸዋለሁ። መዋሸቴ አልነበረም፤ ጉልበት ሲዝል ቁጥር ይሮጣል።

አባ የዜማውን ቅጂ ላኪልኝ ካሉኝ ሰንብተዋል። እልክላቸዋለሁ። ብቻ ዜማው ላይ ስግደቴን ሳይቆጥሩብኝ፣ የጎደሉትን ሰባት ሰባት በቅድሚያ ልሙላ ብዬ ማለዳ ማለዳ ይዣለሁ። ዘንድሮ የምትቆጥርልኝ ሶልያና ናት።