የፕሮፌሰር ፓዳያቺ አንድ ጥያቄ

በዓለም ላይ ባለ አዳራሽ ሁሉ የፊት ወንበር ላይ አንድ ሰው አለ። ተናጋሪው ጨርሶ፣ ሌላው ታዳሚ ሳምቡሳው ወደተደረደረበት ጠረጴዛ ማማተር ሲጀምር እጁን ያወጣል። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ የእኛ የዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ትምህርት ክፍል ድርሻ ክቡር ፕሮፌሰር ፓዳያቺ ነበሩ፤ የፊት ወንበር ባለርስት፣ የአንድ ጥያቄ ጌታ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥያቄያቸው አልተለወጠም።

«ጥሩ ነው ልጄ። ድምፁስ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ከፀሐይ የሚከብዱ፣ ስፋታቸው ግን ከከተማችን የማይበልጥ የታመቁ ኮከቦችን ወረቀት ላይ እንሠራለን። አሠራራችን የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ኮቱን ሰፍተን፣ ከዚያ ልኩ የሆነውን ሰው እንፈልጋለን። የአንስታይን እኩልታዎች ያለ አንዳች ግምት፣ በእርሳስ እስከ መጨረሻው የሚፈቱበትን ቅርጽ እንመርጥና የወጣው ነገር ኮከብ መሆን አለመሆኑን እንፈትሻለን። ግፊቱ ጠርዙ ላይ ዜሮ መሆን አለበት። በውስጡ የሚያልፍ ድምፅም ብርሃንን መቅደም የለበትም፤ ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለምና ከቀደመ ኮከቡ ውሸት ነው።

ፓዳያቺ ይህን ከኬፕታውን የመጣውንም እንግዳ ጠየቁት፣ ስለ ጉንዳን መንጋ ሒሳብ ያቀረበችውንም ምስኪን ጠየቋት። አንዴ የመኪና ማቆሚያ ዕቅድ ሲብራራ እጃቸውን ሲያወጡ ዲኑ ላብ በላብ ሆኑ።

የእኔ የዶክትሬት ኮከብ ሦስት ዓመት ፈጅቶ በአንድ መስመር የሚጻፍ፣ የሚያምር መፍትሔ ነበር። ኡምላዚ ሰፈር ያለችው እናቴ ለምረቃዬ ባለ ላባ ወይን ጠጅ ኮፍያ ገዝታለች። ጽሑፉን ላስገባ ሳምንት ሲቀረኝ ፓዳያቺ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ የሞሉትን ስሌት ይዘው ቢሮዬ መጡ።

«ቶላኬሌ ልጄ፣ የድምፁ ፍጥነት ሥዕል ለምን ከመሃሉ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ጀመረ?»

«መሃሉ ላይ ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ይመጣል፣ ፕሮፌሰር። ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ።»

«እሱ እምቢ ቢል እርሳስ የለሽም?»

የእሳቸው እርሳስ እምቢ አላለም። ልክ መሃሉ ላይ ድምፁ ብርሃንን በጥቂቱ ቀድሞታል። ለእናቴ ምረቃው መራዘሙን ነገርኳት።

«ኮከብሽ ምን ሆነ?»

«ውስጡ ድምፅ ከብርሃን ይፈጥናል፣ እማ።»

«ታዲያ ማን ሰማው?»

«ፓዳያቺ።»

«እኚህ ሰውዬ ሥራ የላቸውም?»

አንዱን ቁጥር ብነካ ኮቱ ሌላ ቦታ ጠበበ፤ መጠኑን ባስተካክል ክብደቱ ተበላሸ። እንደገና ሰፍቼ ለመጨረስ አራት ወር ፈጀብኝ፤ በየቀኑ ሰውየውን እየረገምኩ። ከባሕር ማዶ የመጣው የጽሑፌ ፈታኝ ሪፖርት ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «ከሁሉ በፊት የኮከቡን መሃል አየሁ፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚያ ነው። ይህ ቆሟል።» ወረቀቱን ይዤ አለቀስኩ። ያ እርሳስ ባይኖር ወድቄ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ባመሰግናቸው አይበቃም።

ምረቃው ላይ እናቴ ኮፍያዋን አቃንታ እጃቸውን ያዘች።

«የሰሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ዘንድሮ ጡረታ ወጡ። ባለፈው ሳምንት አዲስ መፍትሔ አገኘሁና ለክፍሉ አቀረብኩ። የፊት ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ሁሉም አጨብጭቦ ወደ ሳምቡሳው ሄደ። እኔ ግን ውስጤ አላምን አለኝ። ቻትስዎርዝ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ደወልኩ።

«አዲስ ኮከብ አገኘሁ፣ ፕሮፌሰር።»

«ጥሩ ነው ልጄ» አሉና በዚያው አበቁ። ጡረታ ጨዋ አድርጓቸዋል መሰለኝ።

«አይጠይቁኝም እንዴ?»

የክሪኬት ጨዋታው ጩኸት ከቴሌቪዥኑ ጠፋ። ወንበር ሲሳብ፣ መሳቢያ ሲከፈት፣ እርሳስ ሲፈለግ ሰማሁ።

«በይ» አሉ፤ «ከመሃሉ ጀምሪልኝ።»