ታብሌቱ ዝም ባለ ቀን ልብስ ሰፊው የዘመቱት ዘመቻ

በእታለም ዘመነ ጠመኔ በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ዘመነ ታብሌት በገባ በሁለተኛው፣ በዕለተ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሱሪ አሳጣሪው፣ ዚፕ ቀያሪው፣ የተተረተረውን ሁሉ መላሹ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናቸው ተነሥተው ወደ ትምህርት ቤት ዘመቱ። እኚህ ጀግና መናገር ለሚከብዳቸው ልጆች አስተማሪ የነበረችው የእታለም ታናሽ ወንድም ሲሆኑ፣ ይህን ዜና የሚጽፉትም ራሳቸው ናቸው፤ ራሳቸውን አንቱ ማለታቸውም ሌላ አንቱ የሚላቸው ስላልተገኘ ነው። እታለም ካረፈች ሦስት ወር ሆኗታል። አልቅሶ የማይወጣለት ሰው ያየውን ቢጽፍ ይሻላል ብለው ብዕር አነሡ።

የዘመቻው ምክንያት ከእታለም በስልክ የወጣ አዋጅ ነበር፤ እንዲህ የሚል፦ «መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ! ስፌቱን ጣልና ይዘህልኝ ና። ደግሞ መንገድ ላይ ወሬ ይዘህ እንዳትገተር፣ አውቅሃለሁ!» ጀግናውም አዋጁን ሰምተው ሠራዊታቸውን አስከተሉ፤ በቀኝ ኪሳቸው መነጽሩ በማኅደሩ እንደተኛ፣ በአንገታቸው ሜትሩ እንደ ኒሻን ተንጠልጥሎ፣ በኮሌታቸው ሦስት መርፌዎች በሰልፍ ተሰክተው፣ ከኋላቸውም ሱሪያቸው ላይ የተጣበቀ ቀይ የክር ብጣሽ ደጀን ሆኖ እየተጎተተ። በትምህርት ቤቱ በር የቆመው ዘበኛም «የመምህርት ወንድም መሆን መታወቂያ አይሆንም!» ብሎ ቢያውጅ፣ መነጽሩን እንደ ማኅተም አሳይተው አለፉ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ወደ ንግግር ክፍል ገቡ። ይህ ክፍል ቀድሞ የተሰባበሩ ወንበሮች መጋዘን የነበረ፣ አንድ መስኮት ያለው፣ ልጆች የገዛ አፋቸውን እያዩ ድምፅ የሚለማመዱበት መስታወት ዝቅ ብሎ የተሰቀለበት ነው። በዚያም እታለም «እሜቴ» የምትላት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ተቀምጣ ነበር። እሜቴ የሚነገራትን ሁሉ ትሰማለች፣ ታስተውላለችም፤ ቃል ግን ከአፏ አይወጣላትም። ስለዚህ በታብሌቱ ላይ የተደረደሩትን ሥዕሎች በጣቷ ትነካለች፤ የውሃውን ሥዕል ስትነካ ታብሌቱ «ውሃ» ይላል፤ ሁለት ሦስቱን ስታከታትል ደግሞ ነገር ይሆናል።

በዋዜማው የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ፣ የሠላሳ ስምንት ሕፃናት ገዥ፣ እንዲህ ሲል አውጆ ነበር፦ «ነገ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እጠይቃታለሁ። የሸመደደችውን አልፈልግም፤ ከራሷ የወጣ አንድ ነገር ልስማ። ካልሰማሁ ወደ አንደኛ ክፍል ትመለስ፤ እኔም ሰው ነኝ!» እሜቴም አዋጁ በቤቷ ከተሰማ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች እናቷ ለእታለም ነግራ ሄዳለች።

እታለም መነጽሯን አድርጋ ወደ ስብሰባ ስትወጣ ሁለተኛ አዋጅ አወጣች፦ «እስክመለስ ጠብቃት። ታብሌቱን ማንም እንዳይነካ! ማንም ያልኩት አንተን ነው!» በሩ እንደተዘጋ ጀግናው ነኩት። በጠረጴዛው ላይ ያገኙትን የጆሮ ማዳመጫ በታብሌቱ ሰክተው፣ በአንድ ጆሯቸውም ወትፈው ፈረስ ነኩ፣ መኪና ነኩ፣ ሸሚዝ ባዩ ጊዜም በሙያቸው ደስ ብሏቸው ሸሚዝን ዐሥራ አንድ ጊዜ ነኩ። ወሶቤሃ፣ በዚያው ቅጽበት፣ በኮሪደሩ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ደንግጠው ብድግ ቢሉ የማዳመጫው ገመድ ከአንገታቸው ሜትር ጋር ተጠላልፎ ታብሌቱን ከጠረጴዛው ጎተተው፤ እሳቸውም በጉልበታቸው ቀለቡት፤ የማዳመጫው መሰኪያ ግን ቀጭ ብሎ ተሰበረና ጫፉ በታብሌቱ ቀዳዳ ውስጥ ቀረ። ጀግናውም ገመዱን ወደ ኪሳቸው ሰደው፣ ጣታቸውን በከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ለእሜቴ «ጸጥታ! ምንም አላየሽም!» ሲሉ አወጁ። ምስክራቸው መናገር የማትችል ናትና ልባቸው ዐረፈ። ይህን ሲጽፉ ያፍራሉ፤ ያን ጊዜ ግን አላፈሩም።

እታለም ተመልሳ ውሃን ብትነካ ታብሌቱ ዝም አለ፤ ማዳመጫው እንደተሰካ መስሎት ድምፁን ሁሉ ወደ ስባሪው ይልክ ነበርና። እሷም ይህን ስላላወቀች ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገች፣ አጥፍታ አበራች፣ ዳግመኛም አጥፍታ አበራች፤ ዝም። ጀግናውም ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል መዘው «ሶፍትዌሩ ነው!» ብለው አወጁ። ለሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። እሜቴ ታብሌቱን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ «እኔ» የሚለውን ሥዕል ነካች፤ ደግማ ነካች፤ ደግማ ነካች።

ጀግናውም ይህን አይተው ለውጊያ ተነሡ፤ ንስሐ ግን አልገቡም። «በቀዳዳው ውስጥ ባዕድ ነገር ያለ ይመስለኛል!» ብለው እንደ ነቢይ ተናገሩ። በመጀመሪያው ውጊያ መርፌ ቢልኩ ስባሪው ወደ ውስጥ ሸሸ። በሁለተኛው ውጊያ የእስክሪብቶ የቀለም ቱቦ ጫፍ በሙጫ ቢቀቡ፣ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ተጣብቀው ተማረኩ። በሦስተኛው እታለም «ጣትህ ተጣብቋል፤ ወዲያ በል!» የሚል አዋጅ አውጥታ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ አንዲት ጠብታ ሙጫ የያዘውን ቱቦ አስገብታ፣ እስከ ስልሳ ቆጥራ ሳበች፤ ጀግናውም ትንፋሻቸውን በመያዝ ታላቅ እርዳታ አደረጉ። ስባሪው ወጣ። ታብሌቱም ከፍ ተደርጎ በተረሳው ድምፁ «ውሃ!» ብሎ ሲጮህ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ከኮሪደሩ ማዶ አንድ ጆግ ውሃ ይዛ ደረሰች።

ከዚህም በኋላ ሠላሳ ስምንቱ ሕፃናት በተቀመጡበት ጉባኤ እሜቴ ቆመች። ሰባት ጥያቄ ተጠየቀች፣ ሰባቱንም መለሰች። አስተማሪው ግን «ይህን ሁሉ ተለማምዳዋለች! እስቲ ዛሬ ጠዋት ምን አየሽ?» ሲል አወጀ። እሜቴም ከገጽ ወደ ገጽ ስታገላብጥ ቆየች። እታለም መዳፏን በመዳፏ ጨብጣ ቆማለች። ከዚያም ልጅቱ ነካች፤ ታብሌቱም በእታለም ድምፅ ተናገረ፣ ፕሮግራሙ የኛን ቋንቋ ስለማይችል ቃሉን ሁሉ የቀዳችው እሷ ነበረችና። «ሰውዬ» አለ። «ሰበረ» አለ። «ጸጥታ» አለ። እሜቴም በሩ አጠገብ የቆሙትን ጀግና በጣቷ ካመለከተች በኋላ፣ ያንኑ ጣቷን በከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ልክ እሳቸው እንዳደረጉት።

አስተማሪው «ይህን ማን አስጠናት?» ቢል፣ እታለም «ማንም! እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው! አንተ፣ ኪስህን ገልብጥ!» ብላ አወጀች። ኪሱ ተገለበጠ፤ ራስ የሌለው ገመድ ወጣ፤ ሠላሳ ስምንቱ ሕፃናትም በእልልታና በጭብጨባ ክፍሉን አናጉት። የመጨረሻውም አዋጅ ከአስተማሪው ወጣ፦ «ልጅቱ ትቀመጥ፤ ቦታዋ እዚሁ ነው! ሰውዬው ይውጣ!» እታለም ሰሌዳውን ተደግፋ፣ ጀርባዋ ሁሉ ጠመኔ እስኪሆን ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ዳግመኛ አላየኋትም።

እንግዲህ ክብር ለእሜቴ ይሁን፣ ዛሬ አራተኛ ክፍል ደርሳ አጥፊውን ሁሉ ለምትከስሰው፤ ክብር ለእታለም ይሁን፣ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የሚናገረው አለው ብላ ቃሉን አንድ በአንድ ላስቀመጠችለት፤ ለልብስ ሰፊውም ጥቂት ይድረሳቸው፣ በገዛ እህታቸው ድምፅ ለተፈረደባቸው፣ ያንንም ፍርድ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው ቢሰሙ የስፌት መኪናቸውን ለሚሰጡ።